የግራው ትራስ

በተንታ አዳራሽ ምንጣፍ አንጣፊ ነኝ፤
ሹም ሽሩን ካዋጅ ፊት ትራስ ነው የሚነግረኝ።

ሐሙስ ማታ መጣ እልፍኝ አስከልካይ፦
“የግራውን ትራስ አንሳ፣ ነገ እንዳይታይ።”

ፊታውራሪ ሙሄ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ፣
ሁሉም “ይሁን” ሲሉ “ይቆይ” ነበር ቃሉ።
በወረኢሉ ግብር ማር ይጨመር ሲባል፣
“ንቡን ማን ጠየቀው?” ብሎ ሳቀ ይባላል።

ዐርብ ጧት ተሾመ ልጅ ባዘዘው ዘውዱ፣
ነገሩ ሳይጀመር “ልክ ነው” ነው ልማዱ።
ጉባኤው አለቀ ጤዛው ሣር ላይ ሳለ፤
የማሩም ተወሰነ። ማንም አላሳለ።

ንጉሡ ሊነሣ ወደ ግራ ዞሮ
“አንተስ፣ ሙሄ?” አለ፣ ረስቶ፣ እንደ ድሮ።

“ልክ ነው፣ ጃንሆይ፣ ልክ ነው” አለ ባዘዘው።

ትራሱ እኔ ጋ ነው፤ የክርኑን ጉድጓድ እንደያዘው።