ሁለት ጭረት

ሽምብጥ፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ፣ ከቆርቆሮው አጥር ኋላ፣
በዕድሜ የምትበልጠኝ ቶርኖ አለች፣ ጥርሷ ብረት የሚበላ።
የሩስያ ፊደል ደረቷ ላይ፣ ግማሹን ቀለም የዋጠው፤
አባቴ ከጨረታ ሲያነሳት፣ በኪሎ ነው ዋጋ የሰጠው።
አልጋዋ አልተጣመመም። ድምጿም ደህና ነው፣ ጎርናና።
አንድ ዐመል ብቻ አለባት፤
ቀለበቷ ቃል አያጸና።

ቀለበት ያልኩት የቁጥሩን ነው፣ ከእጀታው ሥር ያለውን።
ዜሮ ላይ አምጥቼ ሳስረው፣ ትንሿን ብሎን ሳጠብቃት፣
ብሎኗ ራሷ ትገፋዋለች፣ ሁለት ጭረት፣ ሳላውቃት።
ያሰረው እጅ ነው ያሳተው።

አምና ጥቅምት ላይ፣ ከደቅ ጀልበኛ መጣ፣ ፈንታቢል፤
የሞተሩን ዘንግ በጆንያ ጠቅልሎ፣ «እምቦጩ በላብኝ» ሲል።
አዲስ ብረት አሰርኩለት፣ ቀስ እያልኩ ላጥኩት፤
ቀለበቱን አምኜ፣ ካሊብሮዬን ግድግዳ ላይ ተውኩት።
ኩሽኔታው ሲገባ ወለቅ ወለቅ፤ የአባት ጫማ በልጅ እግር።
ሰውዬው አልተቆጣም። ዝም ብሎ አየው፣ ቆሞ በበር፣
ከዚያ፦ «ባሕር ላይ እኮ ነው የምሄደው» አለ፣ «ስምንት ሰው ጭኜ።»
ቀብዱን መለስኩ። ዘንጉ አሁን የበር መቀርቀሪያ ነው፣ እኔው ሠርቼ፣ እኔው አዝኜ።

ያኔ ነው እርሳስ ያነሣሁት፣ በሲሚንቶ ከረጢት ጀርባ።
መጀመሪያ የናስ ቁራጭ አሰብኩ፣ ከብሎኗ ጫፍ የሚገባ።
ለስለስ ብላ ያዘች፤ ለስለስ ብላም ገፋች።

መፍትሔው አንዲት ሮንዴላ ናት፣ ጥርስ ያላት፣ በቦይ የምትሄድ፤
እንደ ሰው በጠባብ ታንኳ፣ መዞር የለ፣ ቀጥ ብሎ መንጎድ።
ዳዶው ይዙር እንዳሻው፤ እሷ መሐል ገብታ ትጫናለች፤
ለቀለበቱ ክብደቱን እንጂ፣ ጠምዛዛውን ወሬ አታደርስም፣ ታስቀራለች።

ቀለበቱን ከፒስተን ሠራሁት፣ ከሞተ የኢሱዙ ሆድ የወጣ፣
ሰፋ አድርጌ፤ ዐይኔም እንደ ድሮው አይደለ፣ ጠባብ ጭረት ላይ ብርሃን ያጣ።
መቶ ጭረት። ባለ መቶ ጥርስ ማርሽ ይዤ፣ አንድ በአንድ።
ስልሳ ሦስት ላይ መብራት ሄደ። ቆምኩ፣ ጣቴ ጥርሱ ላይ፣ እንደ ግንድ።
ሲመጣ ቀጠልኩ። ስጨርስ አየሁት፤ ቁጥሩን ገልብጬ ነው የቀረጽኩት፤
ወደፊት ስሄድ ወደኋላ ይቆጥራል።
ሌላ ፒስተን ለመንኩ። ከአንድ ጀመርኩት።

ፋብሪካ የነበሩ ሽማግሌ፣ ጋሽ አበጀ፣ መጥተው አዩት፤
በአውራ ጣት ዳሰሱት፣ አሰሩት፣ ፈቱት፣ ደግመው አሰሩት።
«አባትህ» አሉ፣ «ሁለት ጭረት አጉድሎ ነበር የሚያስራት፤
ገፍታ ገፍታ ዜሮ ላይ ትመጣለች። ውሸቷን ቀድሞ እያወቀባት።»

ሳይነግረኝ ሄደ። ወይም ነግሮኝ፣ ጩኸቷ ውጦት ይሆናል።
ፈንታቢልም ተመልሶ አልመጣ።
ዳዶውን አጠበቅሁ። ዜሮው፣ ያልኩት ቦታ ላይ፣ ቆሟል።

ቶርኖዋ እውነት መናገር ጀመረች፤
ያቺ የእጁ ሁለት ጭረት፣ ከእንግዲህ ለማን ትሆናለች?