መብራት እስኪመጣ

ሦስተኛ ማታዬ፣ ፔዳ ግቢ፣ ምድር ቤት፣
ጥፍር ከምታህል ከአንዲት ድንጋይ ፊት፤
ከሥሯ ሙቀት፣ ከአናቷ ብርድ ሰጥቼ
አያታለሁ፣ ወንበር ላይ ተጎልቼ።

ብረት አለባት እንጂ ሽቦ አይደለችም፤
ኤሌክትሪክ ቢያንኳኳ በሯን አትከፍትም።
በውስጧ ያሉት ከመቀመጫቸው ሳይነሡ
ሙቀት ሲነካው የአንዱ ሽክርክሪት ይወላገዳል፣
ያም ጎረቤቱን፣ ጎረቤትም ጎረቤቱን፣
ማንም ደጅ ሳይወጣ ወሬው መንደር ያዳርሳል።

"ማንም ካልሄደ ታዲያ የሚሄደው ምንድን ነው?"
ጋሽ አለኸኝ ነው፣ ዘበኛው፣ የጠየቀኝ ሰው።
በር ላይ ቆመን ጣናን አሳየሁት። የታሰረች ታንኳ
ትነሣለች፣ ትወርዳለች፣ ፈቀቅ አትልም ስንዝር እንኳ፤
ማዕበሉ ግን በሥሯ አልፎ፣ ደንገሉን ጥሶ
ዳሩን ይመታል፣ ደርሶ።
"እና አንቺ የምትለኪው ዳሩን ነው፣ ባንቺአየሁ?"
ዳሩን ነው። ድንጋይዋ ላይ የለበጥኳት
ከሸረሪት ድር የሳሳች የፕላቲነም ቅብ አለች፤
ማዕበሉ ሲደርስባት ትንሽ ቮልት ትተነፍሳለች፣
የሚሊዮንኛ ሽራፊ። ትንኝ ይበልጥ ትጮኻለች።

የመጀመሪያው ማታ ቁጥር አገኘሁ። ዘለልኩ።
ማግኔቱን ገለበጥኩ፤ እውነት ከሆነ
መደመሪያው መቀነሻ ይሁን ብዬ።
ወይ ፍንክች።
የሐይቁ ነፋስ ነበር፣ በመስኮት ገብቶ
የሽቦዬን መጋጠሚያ አብርዶ የዋሸኝ።

በማግስቱ መስኮቱን በካርቶን ደፈንኩ።
አሁን ደግሞ መስመሩ ጸጉር አበቀለ፦
የማቀዝቀዣው፣ የውሃ ፓምፑ፣
ከአጥር ማዶ የጋራዡ ብየዳ፣
ባሕር ዳር ሙሉዋን በሶኬት ገብታ
ጆሮዬ ላይ ታወራለች።

ዛሬ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ፣ መብራት ሄደ።
ጋሽ አለኸኝ የእጅ ባትሪውን ይዞ መጣ፣
"ጄኔሬተሩ ናፍጣ የለውም" አለ አፍሮ፣
እሱ እንዳጠፋው ሁሉ።
እኔ መለኪያዬን አያለሁ። በራሱ ባትሪ ነው የሚሠራ።
መስመሩ ተላጭቷል።
ከተማዋ ዝም ብላለች፤ ድንጋይዋ ገና ትኩስ ናት፣
ቀስ እያለች የምትበርድ።
ከተሰበረ ድምፅ ማጉያ የፈታሁትን ማግኔት
በእጄ አዞርኩት።

ተገለበጠ።

መልሼ አዞርኩት። ተመለሰ።
ሁለት መቶ አሥር ናኖ ቮልት፣ ከዚያ መቶ ሰማንያ፤
ሙቀቱ ባነሰ ቁጥር እሱም አብሮ እያነሰ፣
እንደ ተማመኑ ሰዎች ሒሳብ።

"ስንት አምፖል ያበራል?"
"አንድም።"
"ታዲያ ምን ያስቅሻል?"
"ጋሼ፣ ይጸልዩልኝ። መብራቱ ትንሽ ይቆይ።"
በባትሪው ፊቴን አየው፣ አብጄ እንደሆነ።
ከዚያ ምን እንዳሰበ እንጃ፣
ባትሪውን አጠፋው፤
አጠገቤ ቆሞ ትንፋሹን ዋጠ።

መቶ አርባ። መቶ አሥር። በጨለማ እጽፋለሁ፣
ቁጥር በቁጥር ላይ እየተደረበ።
ከአጥሩ ማዶ ልጆች "መጣ! መጣ!" ብለው ሲጮኹ
ስልሳ ሁለት ላይ ነበርኩ።