ዘርጋው

ማክሰኞ ጠዋት፣ ጥቁር አንበሳ፣
የማዕዘን መለኪያዬን ጉልበቱ ላይ አስደግፌ
«ዘርጋው!» ስለው «አቤት!» ይላል።
ስሙ ነው። እሱ ይስቃል፣
እግሩ ግን ቀልዱ አልገባውም።

ካዛንቺስ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከባሕር ዛፍ መወጣጫ
ልስን ሲለስን ነው የወደቀው፤
ጥናቴ ውስጥ ቁጥር አርባ አንድ።
«ስልሳ ሁለት ዲግሪ» ብዬ ጻፍኩ።
«ዲግሪው ላንቺ ይሁን የኔ ልጅ፣
ለኔ ጉልበቴን መልሺልኝ።»

ቅጹ ይጠይቃል፦ በስድስት ደቂቃ ስንት ሜትር?
እሱ የሚነግረኝ ሌላ፦
ቸርችልን ቁልቁል እስከ ለገሐር
ስንት የመብራት ምሰሶ እንደተደገፈ፣
አረንጓዴው መሐል መንገድ ላይ እንደከዳው፣
የታክሲው ረዳት «ፈጠን በሉ!» ሲል
አንድ እግሩ አስፋልት ላይ እንደቀረ።
ለዚህ መሙያ ሣጥን የለኝም፤
ኅዳጉ ላይ በእርሳስ ጻፍኩት።

በአስረኛው ሳምንት ቀረ።
«ክትትል አቋርጧል» ይላል መዝገቤ፤
አማካሪዬም «ከስሌቱ አውጪው» አሉ።

ትናንት ማታ አምባሳደር ጋ፣ በካፊያ፣
አየሁት፦ የልስን ባልዲ በግራው፣
መኪና ሁሉ ጥሩምባ እየነፋበት
መንገዱን ሳይቸኩል ሲሻገር።
«ዘርጋው!» ብዬ ልጠራው አፌን ከፈትኩና
ተውኩት፤
በራሱ እየዘረጋው ነበር።