ባለቤትና ተሳቢ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጠመኔ ይዤ ቆሜ፣
«ባለቤቱን ለዩ፣ ተሳቢውን ለዩ» ስል ጉሮሮዬ ታሞ፣ ደክሜ፣
ጡረታ በወጣሁ በሰባተኛው ወር
ይኸው ምናለሽ ተራ፣ ከዝገቱ መንደር፣
የተሳቢን ዋጋ ቆሜ ስከራከር።

ነገሩ እንዲህ ነው፦
አንድ መሥሪያ ቤት ተዘግቶ ዕቃውን በጨረታ ሲሸጥ፣
ወንበር ልገዛ ሄጄ፣ ዐይኔ ወዲያ ወዲህ ሲያማርጥ፣
ሁለት ካያክ ጀልባ፣ አንዷ ቢጫ፣ አንዷ ቀይ፣
ከፋይል ሣጥን ጀርባ እንደ ዓሣ ተጋድመው ባይ
እጄን አወጣሁ። ማንም አልተጫረተ።
አጫራቹ ሦስቴ ቆጥሮ፣ ሳቁን እያፈነ፣ ደረሰኝ ጎተተ።

ቤታችን ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤
ደረጃው ሲታጠፍ ጀልባ አይታጠፍም፣ ይህን ማን አሰበው?
እናም ከልብስ ማስጫው ጎን ክረምቱን ከረሙ፤
ልጆች በመጥረጊያ እንጨት «ባሕር ዳር ደረስን!» እያሉ ቀዘፉ፣ ደከሙ።
ቀይዋ ውስጥ ድመት ወለደች፣ አራት።
የኮሚቴው ሰብሳቢ ጻፈ፦ «የጋራ ቦታ ስለሆነ በአስቸኳይ ይነሡ» በማለት።

ባለቤቴ ጸዳለ ደብዳቤውን አነበበች።
«ከመኪናችን እኮ ይረዝማሉ» አለች።
እውነቷን ነው፤ ዲኤክሷ ጣሪያ ላይ ቢጫኑ
ግራና ቀኝ ወጥተው የበሬ ቀንድ ሊሆኑ።
«ይጎተቱ» አልኩ። «ተሳቢ እናሠራ።»
«መኝታም ይኑረው። እኔ ከትንኝ ጋራ
ድንኳን ውስጥ አላድርም» ብላ በደብተር ጀርባ ነደፈች፦
አልጋ፣ መስኮት፣ መጋረጃ፣ የቡታጋዝ ቦታ። ባቡር አሳከለች።

ሙዘይን በያጁ ሥዕሉን ዘቅዝቆ አየው።
«አባባ፣ ይሄ ቤት ነው። ምን ልትጭኑበት ነው?»
«ጀልባ።»
ዝም አለ። «ውሃው የታለ?»
በደፈናው ወደ ደቡብ ጠቆምኩት፤ ጣቴን ተከተለ፤
ያየው የጎማ ክምር ነው፣ ሰማይ ያከለ።

«ስማኝ መምህር (ማን ነገረው?)፣ ቤቱን ተወው፣ ይከብዳል።
ቱቦላሬ አርባ በአርባ፣ ለሁለት ፕላስቲክ ይበቃል።
የላዳ አክስል አለኝ፤ ከባላስትራው አንድ ቅጠል እንቀንሳለን፤
ለቀላል ጭነት የደነደነ ባላስትራ ዕቃ ያፈርጣል፣ አይተናል።
ጭነቱ ወደ ጋንጮው ትንሽ ያዘንብል፤ አፍንጫው ካልከበደ
ጅራቷ መኪናህን ታስጨፍራለች፣ ቁልቁለት በወረደ።»
እኔም በልቤ፦ ይሄ ሰው ሰዋስው ያውቃል።

ማታ ላጲስ አነሣን። መስኮቱ ጠፋ። ቡታጋዙ ጠፋ።
መጋረጃው ሲጠፋ የጸዳለ ፊት ከፋ።
አልጋው ጋ ስደርስ እጄን ያዘች።
«ከጊምቢ ጅማ፣ ከጅማ መቂ» አለች፣
«ዝውውርህ በመጣ ቁጥር ዕቃ ጠቅልዬ ተነሣሁ።
ባለቤቴ ትለኛለህ። እኔ ግን ተሳቢ ነበርኩ፤ ሳልናገር ከረምኩ፣ መሸብኝ፣ ነጋሁ።»

ላጲሱን አስቀመጥኩ።
ምን እላለሁ? የስንቱን ልጅ ደብተር በቀይ አረምኩ፣
የራሴን ስሕተት ግን ቤቴ ውስጥ አስቀመጥኩ።

ሙዘይን ሰማና (ነገርኩት) ጢሙን አሻሸ፤
አንዲት ሽቦ በአመድ ላይ እየሳለ፣ ደግሞ እያበላሸ፦
«ጀልባዎቹ ሲወርዱ ባዶ ፍሬም ይቀራል አይደል?
ታጣፊ ጣውላ ላርግበት፤ ማታ አልጋ ይሁናል፣ ሸራ በላዩ ይጣል።»
ለዚህ ሐሳብ ብቻ ዋጋ አልጠየቀኝም።
ለሌላው ሁሉ ጠየቀ፤ አልማረኝም።

እሑድ ማለዳ፣ ሜክሲኮ አደባባይ፣ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን።
ሰሌዳ አየ። ፍሬቻ አስበራ። ዞረና መረመረን።
«ምንድን ነው?» «ጀልባ።» ሽቅብ ሰማዩን አየ፦
«ክረምቱ እኮ ወጥቷል» ብሎ አሳለፈን፣ ከንፈሩ ለሳቅ እየተለያየ።

ባለቤት፦ ጸዳለ፣ መሪውን የያዘች።
ተሳቢ፦ ሁለት ጀልባ፣ አንድ አልጋ፣ እኔ፣ ደግሞም ከቀይዋ አልወርድም ያለች
አንዲት ግልገል ድመት።
ማሰሪያ አንቀጽ ለረሳ ዜሮ እሰጥ ነበር፣ ያለ ርኅራኄ፣ ያለ ምሕረት፤
ዛሬ ግን እኛ፣ ለገሃርን አልፈን፣
ከኋላ የሚንኳኳውን ቡሎን እየሰማን፣ ወደ ውሃው