ጎዶሎ ስፍር

ከዋሻው አፍ ወጥቶ፣ ከጣርማ በር በታች፣
መንገዱ ይታጠፋል፣ ገደሉ ግን አይታጠፍ፤
ጉም የወረደ ለት የአስፋልቱን ጠርዝ
በጎማ ዳብሶ ነው ሾፌር የሚያልፍ።

እዚያች ኩርባ ላይ፣ ከግንቡ ፊት ለፊት
ሰባት ቢጫ በርሜል አቆምን በግንቦት፤
ላስቲክ ናቸው፣ ቀላል፤ ከኔው ግምጃ ቤት
ወጪ የሆኑ በፊርማዬ፣ በሞዴል ሃያ ሁለት።

መሐንዲሱ መጣ ከደብረ ብርሃን፣ ኮቱን እንደቆለፈ፣
መሬቱን በኖራ አሰመረ፣ ቁጥር እየጻፈ፤
«የፊተኛው» አለ «ሩብ፤ ቀጣዮቹ ግማሽ ይድረስ፤
የኋለኞቹ ብቻ ይሙሉ እስኪፈስ።»

እታገኘሁ አካፋዋን ተክላ ቆመች፤
ከሮቢት ወንዝ አሸዋ ስትጭን የኖረች፣
እህል በቁና ስትሸጥ ምራቂ ነፍጋ የማታውቅ ነች።
«ጎዶሎ ስፍር?» አለች። «እኔ ጎዶሎ ሰፍሬ አላውቅም፤
መንገደኛ አይቶ ‹ሌባ ናት› ቢለኝ አልወድም።»

ሳቀ። ግንቡን በቡጢ ነካ፤ ከዚያ አሸዋውን መታ፤
«የትኛው አሳመመኝ?» ብሎ ጠየቃት በእርጋታ።
«ሙሉው ይመልሳል፤ ጎዶሎው ቦታ አለው፣
ፍጥነት ሲመጣበት ቆርሶ ቆርሶ የሚጨርሰው።»

ጨውም አስቀላቀለን፣ ጣሳ በጣሳ፣
አሸዋው በውርጭ ረግቶ ድንጋይ ሆኖ እንዳይነሳ።
እታገኘሁ አጉረመረመች፦ «አሁንስ ወጥ አደረገው!»

ጥቅምት ላይ ነው፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት።
ደባልቄ የሚሉት፣ ባለ ተሳቢ፣
ብርድ ልብስ ጭኖ ወደ ደሴ ሲወርድ
ፍሬኑ እምቢ አለው ከዋሻው እንደወጣ፤
ማርሽ ቢመልስ አልገባ፣ ክላክሱን ቢይዝ ሰሚ ታጣ፤
ረዳቱ በሩን ከፈተ፣ ሊዘል፣ እግሩ ከዳው፤
እና ኩርባው መጣ።

ሩቡ በርሜል ፈነዳ።
ግማሹም። ግማሹም።
አምስተኛው ላይ ሲደርስ የመኪናው ጉልበት ደከመ፤
ሰባተኛውን ታቅፎ፣ እንደታመመ በሬ፣ ተንበርክኮ ቆመ።
የአፍንጫ ደም። ሁለት የጎድን አጥንት።
ብርድ ልብሱ ተበትኖ አሸዋው ላይ ተነጥፎ ነበር፤
ደባልቄ አንዱን ተከናንቦ፣ ጥርሱ እየተፋጨ፣ ነጋለት።

እኛ ስንደርስ አህዮች ከየት እንደመጡ እንጃ
ጨዉን ይልሳሉ፣ ጎንበስ ብለው፣ ካንገት በላይ ሳያዩን።

በኅዳር ኦዲተር መጣ። መዝገቤን ገለጠ፤
ጣቱ እየተንሸራተተ ሰባት ቁጥር ላይ ተቀመጠ።
«በርሜሎቹስ?»
«ተሰበሩ።»
«በማን ጥፋት?»
«ሥራቸው ነው።»
«መሰበር ሥራ ነው?»
ዝም አልኩ። ቅጹ ለዚህ መልስ ቦታ የለውም፤
‹የጠፋ› ይላል፣ ‹ያረጀ› ይላል፣
አንዴ ብቻ አገልግሎ በዚያው ያለቀውን አያውቀውም።
«ጎደለ» ብሎ ጻፈ፣ በቀይ።

ማን ጎደለ? ደባልቄ ቤቱ ነው፤ ረዳቱ ጥላዬም አለ፣
ባለፈው ቅዳሜ ሮቢት ገበያ
በሽንኩርት ዋጋ ሲጨቃጨቅ ታየ ተባለ።

ሰባት በርሜል፣ ግማሽ ኩንታል ጨው፣ ብዬ ማመልከቻ ላክሁ፤
«በጀት ሲለቀቅ» የሚል መልስ፣ ያለ ቀን፣ ተቀበልሁ።
እታገኘሁ ግን ከጎሚስታው አሮጌ ጎማ ለምና
በሽቦ አስራ ደረደረች፣ ኩርባው ላይ፣ እንደገና።
መሐሉን አሸዋ ስትጨምርበት ቆሜ አየሁ፤ አልሞላችውም፤
የፊተኛውን ሩብ አድርጋ ተወችው። ማንም አላዘዛትም።

ማታ ማታ፣ ጉሙ ሲወርድ፣ ከባድ መኪና ሲያጓራ
ካልጋዬ ሆኜ ማርሹን እቆጥራለሁ፦
ሦስተኛ፤
ሁለተኛ፤
ኩርባዋን ማለፉን ድምፁ ሲነግረኝ
ያኔ ነው ጎኔን የማዞረው።