የስፌት ትርፍ

«ድረ ገጽ የለሽም?» ይለኛል ደንበኛ፣
ሱሪ እያስረከበ ዚፑ ደክሞ የተኛ።
ድሩንስ አውቃለሁ፤ ከማግ ጋር ኖሬያለሁ፣
ክሩን በየጣቴ ስቆጥር ውያለሁ፤
ገጹን ነው ያላየሁ።

የጎረቤቴ ልጅ ኤስራ ላፕቶፗን ከፈተች በጨርቁ ክምር ላይ፤
«ፍራው እማዋይሽ፣ ስም ገዝተናል፤ ስሙ ማደሪያ ይሻል፤
ሃያ አከራይ አለ፤ ምረጪ» አለችኝ።
ላይፕዚግ ላይ ቤት ፍለጋን አውቀዋለሁ፤
ሦስት በረዶ ተሰልፌ፣ የሰው ደረጃ ወጥቼ ወርጄ
ነው ይቺን አንድ ክፍል ያገኘሁ።
አሁን ደግሞ ለስሜ!
እኔም ተከራይ፣ ስሜም ተከራይ፤
አንድ ራስ፣ ሁለት ኪራይ።

የመጀመሪያው ሳቂታ ነው፤
«በወር አንድ ዩሮ» ይላል፣ አንዱን አግዝፎ ጽፎ፤
ከግርጌው በጉንዳን ፊደል ሌላ ነገር አጣጥፎ፦
ዓመት ሲዞር አሥራ አራት።
ከላይ ሐር ከውስጥ ጆንያ የሆነ ካፖርት አይቻለሁ፤
ገበሩን ሳልገለብጥ ዋጋ ተናግሬ አላውቅም።

ሁለተኛው «ያልተገደበ ቦታ» አለ።
ያልተገደበ!
አርባ ዓመት ጨርቅ ስለካ
ጫፍ የሌለው ጣቃ አልገጠመኝም።
ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ ስክሪኑ ላይ ዘረጋሁ፤
ኤስራ ሳቀች፤ እኔ ግን
አንቀጽ አሥራ ሰባት ላይ ጫፉን አገኘሁ።

ሦስተኛው ማለ፤ «ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ
እበራለሁ፤ አልጠፋም» አለኝ።
የቀረችውን ፍርፋሪ ኤስራ ብታሰላት
ወጣ በዓመት ዘጠኝ ሰዓት።
እኮ የትኛው ዘጠኝ ሰዓት?
ሰው ሁሉ ባሕር የወረደ ለት፣
ወይስ የሙሽራ ቀሚስ ዋዜማ፣
እናቷ በር ላይ ቆማ?

ከምሽቱ አራት ሰዓት ስልኬን አነሳሁ።
ለአንዱ ደወልሁ፣ ሙዚቃ፤
ለአንዱ ደወልሁ፣ «ለቅሬታ አራትን ይጫኑ»፤
ለስድስተኛው ደወልሁ፣
ሰው አስነጠሰ።

ኤክሃርት ይባላል፤ ከኬምኒትዝ ነው፤ ጉንፋን ይዞታል።
«ይጠፋል ወይ?» አልሁት።
«አንዳንዴ። ሲጠፋ ከአልጋ የምነሳው እኔ ነኝ።»
«የጻፍሁት ቢቃጠልስ?»
«በየሌሊቱ እቀዳዋለሁ፤ አንዱ እዚህ፣ አንዱ ድሬስደን ያድራል።»
«ልሂድ ብልስ?»
ዝም አለ። ተናፈጠ።
«ዕቃሽን ሸክፈሽ ትሄጃለሻ፤ በሩ ከውስጥም ይከፈታል።»

ጥሩ ቀሚስ በጥልፉ አይታወቅም፤
በስፌቱ ትርፍ ነው፣ ከውስጥ በተተወች ሁለት ጣት ጨርቅ፤
ሴት ስታረግዝ የምትለቀቅ፣
ስትከሳ የምትጠብቅ።
ሰውየው ያቺን ሁለት ጣት ትቷል።

መኪኖቹ የት እንዳሉ ስጠይቀው
የድሮ የካልሲ ፋብሪካ ነው አለኝ፤ ምድር ቤቱ።
አወቅሁት።
ከተማው በሌላ ስም ሲጠራ፣ በሃያ ሁለት ዓመቴ፣
ነጭ ሻሽ አስሬ ከአሥራ አራት ሴቶች ጋር
የተሰበረ መርፌ መቀየር የተማርሁት እዚያ ነው።
አልነገርሁትም። በዋጋ እየተከራከሩ ትዝታ አይወራም፤
ያስወድዳል።

ስድስት ዩሮ ከሃምሳ። ተስማማን።
ሐሙስ ማታ ወጣሁ፤ «እማዋይሽ፦ ማጥበብ፣ ማስፋት፣ ዚፕ»፤
ፊቴን እንቢ ብላት ኤስራ እጄን አንስታዋለች፤
እንዲህ ሆነ ገጼ፦
ሁለት መዳፍና አንድ የጣት ቆብ።

ሦስት ቀን ማንም ዝር አላለ።
በአራተኛው ፖስተኛው ጥቅል አስረከበኝ፤
ቡናማ የወንድ ጃኬት፣ ቀኝ ኪሱ የተበሳ፤
በብጣሽ ወረቀት፣ «የበሳው የቁልፍ ክብደት ነው። ኤክሃርት»።
ገበሩን ገለበጥሁ፣
በስፌቱ ውስጥ ትርፍ ፈለግሁ፤
አንድ ጣት እንኳ አልተወም የሰፋው ሰው።

ከራሴ ጣቃ ቆረጥሁለት።