የቀዳዳ ዋጋ

ከሂርማታ ገበያ ጀርባ፥ ከጎማ ጠጋኙ ጎን፣
በርጩማ ስጠርብ ነው የኖርኩት፥ ሠላሳ ዓመቴ ሊሆን።
ሦስት እግር ካንድ ግንድ፥ ያለ ምስማር ያለ ሙጫ፤
ለሽማግሌ፥ ለሙሽራ፥ ለመንገደኛ መቀመጫ።
እንጨት አውቃለሁ ባይ ነበርኩ።

ሊቂቱ መጣች አንድ ቀን፥ የስድስት ዓመት ልጇን አዝላ።
"መጫወቻ ሥራልኝ" አለች፤ "የሱቁ ለሚልኪ አይሆናትም፤
ዓይኗ ብርሃን አያውቅም፥ በጆሮዋ ድምፅ አይገባትም፤
እጇም ሲያሻው ነው እንጂ፥ ስታዘው አይታዘዛትም።
ለእንዲህ ያለ ልጅ የሚሠሩት፥ የውጭ አገሩ፥ የጊደር ዋጋ ነው አሉኝ።
እኔ ያለኝ ስልሳ ብር ነው።"

መጀመሪያ መኪና ሠራሁ። ቀይ ቀለም ቀባሁት።
(ለማን እንደቀባሁት ዛሬም ራሴን እጠይቃለሁ።)
ቀጥሎ ቅል፥ ውስጡ ባቄላ፤ ጆሮዋ ሥር አንቀጫቀጭኩት።
ሊቂቱ ዝም ብላ አየችኝ።
ሦስተኛውን ላሰችው፤ ቫርኒሹ ምላሷን ለበለባት።
ከዚያ ወዲህ የምቀባው የጌራ ሰፈፍ ነው፥
አፏ ቢገባ የማይጎዳ።

አራተኛው ከበዳት። አምስተኛው ከእጇ አምልጦ ተንከባለለ፤
ለማታይ ልጅ የወደቀ ነገር ከዓለም ጠፋ ማለት ነው።
ስድስተኛውን በባጃጅ ከመነዳሪ ከወንበሯ አሰርኩት፤
"ውሰደው፥ ቁራጭ ነው" አለኝ ጎማ ጠጋኙ ሻፊ።
ብትጥለው ተመልሶ ይመጣል።
ይሄኛውን ወደደችው፤ ሦስት ቀን።

ሰባተኛው ሰሌዳ ነበር፤ ስምንት ቀዳዳ፥ ስምንት ውታፍ፤
ውታፉን እንደ ሙሽራ ቀለበት ልክክ አድርጌ፥
ሌሊት በኩራዝ ሞርጄ።
ሚልኪ ውታፎቹን ነቅላ ወረወረቻቸው። ሁሉንም።
ጠማማ ጣቷን በባዶው ቀዳዳ ከታ
ቆየች።
አወጣች። ሌላ ፈለገች። አገኘች።
በከንፈሯ የሆነ ነገር አለፈ።

እኔ ያለውን ሳሳምር፥ እሷ የሌለውን ወደደች።
በርጩማም'ኮ በርጩማ የሚሆነው
ከግንዱ ተፈልፍሎ በወጣው ነው፤
ሠላሳ ዓመት ፍቅፋቂውን ጠርጌ ስደፋ
ይሄን ማንም አልነገረኝም።

ቀዳዳ ደግሞ ገበያ ላይ ዋጋ የለውም።
አሁን የምሠራው እሱን ነው፦
ሻካራ ቀዳዳ፥ ለስላሳ ቀዳዳ፣
ትንሿን ጣት የሚውጥ፥ አውራ ጣትን የሚመልስ፣
ወለሉ የበግ ለምድ የሆነ፥ ወለሉ የቀዘቀዘ ቆርኪ።
ጣውላው ከአናጢዎች ትራፊ። አርባ ብር፥ አንዳንዴም ምንም።
ከቦሳ አዲስ፥ ከጊንጆ፥ ልጅ ያዘሉ እናቶች ይመጣሉ፤
ሁሉም ልጅ ግን ሌላ ነው፥ ሰባት ጊዜ መሳሳቴ አይቀርም።

ትናንት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው
ሚልኪ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፥ በጀርባዋ ሰማችው።
ከዚያ እጄን ያዘች። ጣቶቼን ዳሰሰች፦
አውራ ጣት። ሌባ ጣት። የመሐል ጣት።
መጋዝ የወሰደው የቀለበት ጣቴ ስፍራ ስትደርስ
ባዶውን አገኘች።

እንግዳ ሲመጣ ኪሴ የምከተው እጅ ነበር።
ጣቷን እዚያ አኖረች፥ እንደ ሰሌዳው፤
ቆየች።

እጄን አልሰበሰብኩም።